ውቅሩ የት ሄደ? «ስፕሪንግን በእጅ ማዋቀር ይብቃ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በጃቫ ፕሮግራመሮች መካከል ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ስፕሪንግን በእጅ ማዋቀር ይብቃ» ይላል። ስፕሪንግ በጃቫ የዌብ አገልግሎት መሥሪያ ማዕቀፍ ነው፤ ስፕሪንግ ቡት ደግሞ አብዛኛውን ውቅር በራሱ የሚያዘጋጅ የእሱ ማራዘሚያ። ስፕሪንግ ቡት እያለ ለአንዲት ትንሽ የረስት (በኤችቲቲፒ ዳታ የምትሰጥና የምትቀበል) አገልግሎት ቶምካት (የጃቫ ዌብ ሰርቨር) አውርዶ፣ ዲስፓቸር ሰርቭሌት (ጥያቄዎችን ተቀብሎ ለየኮዳቸው የሚያከፋፍል) መዝግቦ፣ የጄሰን ኮንቨርተር (ኦብጀክትን ወደ ጄሰን ጽሑፍ የሚለውጥ) አያይዞ መድከም ያለፈበት ሰው ሥራ ነው ባይ ነው። ጸሐፊው ስፕሪንግ ቡትን አሳምረው እንደሚያውቁት ያስታውቃል። የማልስማማው በእጅ ስለሚዋቀረው ስፕሪንግ በሚሉት ነው፤ የሚተቹት ስፕሪንግ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረው ነውና።

ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። በእጅ ማዋቀር በመቶ የሚቆጠር የኤክስኤምኤል መስመር ይጠይቃል። ሲበላሽ ደግሞ ምክንያቱን የማይናገር 404 («አልተገኘም» የሚል ምላሽ) ይሰጣል፤ ቡት ይህ ጣጣ የለበትም። የላይብረሪዎቹ ቨርዥን እርስ በርስ ይጋጫል። ጄሰን፣ ቀንና የስህተት ምላሽ በወጉ የሚወጡት ቡት ሲኖር ብቻ ነው። በመጨረሻም ለብቻው የሚነሣ ቶምካት ዘመኑ አልፏል፤ ይህን ሁሉ መማር የፓይተን ፕሮግራመር አሴምብሊ ይማር እንደማለት ነው ይላሉ። በተራ እንያቸው። ከአምስቱ አንዱን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ እሱም ሲደርስ ይታያል።

በመቶ የሚቆጠር መስመር?

ጽሑፉ ላይ በምሳሌነት የቀረበው ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል ነው፤ ከሥሩም ሁለት ሌሎች የኤክስኤምኤል ፋይሎች አሉ፣ አንዱ ለሥር ኮንቴክስቱ (ኮንቴክስት ስፕሪንግ የፈጠራቸውን ኦብጀክቶች የሚይዝበት ነው)፣ ሌላው ለዲስፓቸር ሰርቭሌቱ። አሠራሩ በጊዜው ትክክል ነበር። ነገር ግን ሰርቭሌት 3.0 እ.ኤ.አ. በ2009 ዌብ ዶት ኤክስኤምኤልን የግድ ከመሆን አወጣው፤ ስፕሪንግ 3.1 ደግሞ በ2011 ያንኑ ተጠቅሞ ሰርቭሌቱንም ሆነ ኤምቪሲውን (የስፕሪንግን የዌብ ክፍል) ሙሉ በሙሉ በጃቫ ክላስ ማዋቀር እንዲቻል አደረገ። ስፕሪንግ ቡት 1.0 የወጣው በ2014 ነው። ኤክስኤምኤሉ ቡት ከመምጣቱ በፊት ቀርቷል ማለት ነው፤ ያለ ቡት ዛሬም አይመለስም።

አሁን ምን እንደሚያስፈልግ እንቁጠር። የዕቃዎች ዝርዝር የምትሰጥና አዲስ ዕቃ የምትመዘግብ አንዲት አገልግሎት እንውሰድ። የሜቨን (የጃቫ ፕሮጀክት መገንቢያ) ፋይሉ ላይ ማሸጊያው «ዋር» (ቶምካት ላይ የሚጫነው ጥቅል) ይሆናል፤ ሦስት ዲፔንደንሲ (ፕሮጀክቱ የሚጠቀምበት ላይብረሪ) ይገባል፦ ስፕሪንግ ዌብ ኤምቪሲ፣ ጃክሰን ዳታባይንድ (ጄሰን አንባቢና ጸሐፊው) እና የጃካርታ ሰርቭሌት ኤፒአይ። የመጨረሻው ስኮፑ «ፕሮቫይድድ» መሆን አለበት፤ ቶምካት የራሱን ስለያዘ ከዋሩ ጋር መታሸግ የለበትም። ስፕሪንግ ኮርን፣ ቢንስን፣ ኮንቴክስትን፣ ኤኦፒን፣ ኤክስፕረሽንንና ዌብን ሜቨን ራሱ ጎትቶ ያመጣቸዋል።

ከዚያ ሦስት ክላስ ይጻፋል። የመጀመሪያው አስጀማሪው ነው። የሚወርሰው ክላስ ስሙ «አብስትራክት አኖቴሽን ኮንፊግ ዲስፓቸር ሰርቭሌት ኢኒሺያላይዘር» ይባላል (ስሙን ጠርቶ ከመጨረስ ክላሱን ጽፎ መጨረስ ይቀላል)። የሚሞሉት ሜተዶች ሦስት ናቸው። የሥር ውቅሩን የሚጠይቀው ነል (ባዶ) ይመልሳል፤ የሰርቭሌት ውቅሩን የሚጠይቀው ሁለተኛውን ክላሳችንን ይመልሳል፤ አድራሻውን የሚጠይቀው «/» የምትል አንዲት ምልክት ይመልሳል።

አድራሻው ላይ ኮከብ ጨምሮ «/*» ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። «/» የሚተካው የቶምካትን ዲፎልት ሰርቭሌት ብቻ ነው፤ «/*» ግን የጄኤስፒ ሰርቭሌቱንም ጭምር ይውጣል፤ ወደ ገጽ የሚመራ ነገር ካለ ጥያቄው ተመልሶ ወደ ዲስፓቸሩ እየመጣ ይሽከረከራል። ለጄሰን ብቻ በሆነ አገልግሎት ልዩነቱ ቶሎ አይታይም፤ የሚታየው ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው ገጽ ሲጨምር ነው።

የሥር ኮንቴክስቱን ነል ማድረግም ስንፍና አይደለም። ሁለት ኮንቴክስት ሲኖርና ሁለቱም አንድ ዓይነት ፓኬጅ ሲቃኙ እያንዳንዱ ሰርቪስ ሁለት ጊዜ ይፈጠራል። ትራንዛክሽኑ የተዋቀረው በሥሩ፣ ኮንትሮለሩ (ጥያቄውን የሚያስተናግደው ክላስ) የያዘው ሰርቪስ ግን ከሰርቭሌቱ ኮንቴክስት የተፈጠረው ሲሆን፣ «ትራንዛክሽናል» የሚለው አኖቴሽን ተጽፎ እያለ አይሠራም። ስህተትም አይወረውርም፤ ዳታው ብቻ ሳይመለስ በግማሹ ይቀራል። አንድ ሰርቭሌት ላለው አገልግሎት አንድ ኮንቴክስት ይበቃዋል።

ሁለተኛው ክላስ ውቅሩ ነው፤ «ኮንፊገሬሽን»፣ «ኢነብል ዌብ ኤምቪሲ» እና «ኮምፖነንት ስካን» የሚሉ ሦስት አኖቴሽኖች ከላዩ፣ አካሉ ባዶ። ሦስተኛው ኮንትሮለሩ ሲሆን እሱ ቡት ውስጥም ቃል በቃል ያው ነው። እንግዲህ ቡት የሚያድነን ሁለቱን ክላስ ነው፤ ሁለቱ ከነኢምፖርታቸው ሠላሳ መስመር አካባቢ ናቸው። በመቶ የሚቆጠረው መስመር ከ2011 በፊት ነበር፤ አሁን የለም።

404 አይናገርም?

ብዙ ሰው ያሳመነው ይህ ነጥብ ይመስለኛል፤ 404 ያላንገላታው የለምና። ግን ምክንያቱን አይናገርም የሚለው ልክ አይደለም። ይናገራል፤ የሚናገረው ሎጉ ላይ ነው እንጂ ብራውዘሩ ላይ አይደለም። መመልከቻው ሦስት ቦታ ነው፤ ቅደም ተከተሉን መዝለል ነው ሰውን ግማሽ ቀን የሚያስፈጀው።

መጀመሪያ፣ አፕሊኬሽኑ ተነሥቷል ወይ፣ በየትኛውስ አድራሻ? ቶምካት የአድራሻውን መነሻ የሚወስደው ከዋሩ ፋይል ስም ነው። ፋይሉ «መጋዘን» ከተባለ አድራሻው በ«/መጋዘን» ይጀምራል። ሜቨን ግን በዲፎልቱ ከስሙ ኋላ የቨርዥን ቁጥር ይለጥፋል፤ ስለዚህ አድራሻው ማንም ሳያስበው «/መጋዘን-1.0» ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ በሜቨን ፋይሉ የቢልድ ክፍል ውስጥ «ፋይናል ኔም»ን መወሰን ነው። ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ምልክት አለ፦ የሥር ኮንቴክስት ኖሮ እሱ ሲወድቅ ሊስነሩ (ኮንቴክስቱን የሚያስነሣው ክላስ) ስለማይነሣ ቶምካት መላውን አፕሊኬሽን ያቆመዋል፤ ሁሉም አድራሻ 404 ይሆናል። ሥሩ ነል ሆኖ የሰርቭሌቱ ኮንቴክስት ብቻ ሲወድቅ ግን የሚመጣው 500 (የሰርቨር ስህተት) ነው፤ ሰርቭሌቱ ሲነሣ ስህተት እንደወረወረም ከነምክንያቱ ይጻፋል። ሥሩን ነል የማድረግ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ብልሽቱ በ404 ተሸፍኖ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ አስጀማሪ ክላሳችን ተገኝቷል ወይ? ይህ የሚነበበው በቶምካት የሎግ አቃፊ «ሎካልሆስት» ከሚለው ፋይል ነው፤ ሰው ሁሉ የሚከፍተው «ካታሊና» የሚለውን ስለሆነ አያየውም። ስፕሪንግ ሲነሣ ስንት አስጀማሪ እንዳገኘ እዚያ ይጽፋል። «1» ካለ ደህና ነው። ምንም አላገኘሁም ካለ ክላሱ ዋሩ ውስጥ አልገባም ወይም ትክክለኛውን ክላስ አልወረሰም። መስመሩ ራሱ ጭራሽ ከሌለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜም የጃቫክስና የጃካርታ ጉዳይ ነው።

ይህኛውን ቀረብ ብለን እንየው። ቶምካት 9 ድረስ የሰርቭሌት ክላሶች ስም በ«ጃቫክስ» ይጀምር ነበር፤ ከቶምካት 10 ጀምሮ «ጃካርታ» ሆነ። ስፕሪንግ 5 የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ በኅዳር 2022 (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር) የወጣው ስፕሪንግ 6 ደግሞ ሁለተኛውን ብቻ፤ እሱም ጃቫ 17ን እንደ ዝቅተኛ መነሻ ይጠይቃል። በስፕሪንግ 5 የተሠራ ዋር ቶምካት 10 ላይ ሲጫን ቶምካት አስጀማሪ የሚፈልገው በአዲሱ ስም በተመዘገበ ፋይል ነው፤ የስፕሪንግ 5 ጃር ውስጥ ያለው ግን የአሮጌው ስም ምዝገባ ነው። ስለዚህ አያገኘውም፤ ባለማግኘቱም አይገረምም። አፕሊኬሽኑ በሰላም ይነሣል፤ ስህተት የሚባል መስመር የለም፤ ሁሉም አድራሻ 404 ነው። ስፕሪንግ 5 ከቶምካት 9፣ ስፕሪንግ 6 ከቶምካት 10.1 ጋር ይሂድ። አሮጌውን ዋር የግድ ቶምካት 10 ላይ ማሄድ ያለበት ሰው «ዌብአፕስ ጃቫኢኢ» የሚል አቃፊ ፈጥሮ እዚያ ቢያስቀምጠው ቶምካት ራሱ ለውጦ ይጭነዋል።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው ስፕሪንግ ደርሷል ወይ? ደርሶ የሚያስተናግደው ካጣ ዲስፓቸሩ «ኖ ማፒንግ ፎር ጌት» ብሎ አድራሻውን ከነስሙ በማስጠንቀቂያ ደረጃ ይጽፋል። ይህ መስመር ካለ ቶምካቱም አስጀማሪውም ከደሙ ንጹሕ ናቸው፤ ችግሩ ኮንትሮለሩ ላይ ነው። ወይ ያለበት ፓኬጅ አልተቃኘም፣ ወይ አድራሻው አንድ ፊደል ስቷል፣ ወይ ደግሞ መጨረሻው ላይ «/» ተጨምሯል። ስፕሪንግ 5 «/ዕቃዎች» እና «/ዕቃዎች/»ን እንደ አንድ ያይ ነበር፤ ስፕሪንግ 6 በዲፎልቱ ይለያቸዋል። ከ5 ወደ 6 ሲሻገሩ ትናንት ሲሠራ የነበረ ጥሪ 404 የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አድራሻው ልክ ሆኖ ሜተዱ ካልተስማማ፣ ለምሳሌ ጌት ብቻ ለሚቀበል ፖስት ቢላክ፣ መልሱ 405 ነው እንጂ 404 አይደለም።

አሁን «ቡት ይህ ጣጣ የለበትም» ወደሚለው እንመለስ። ቶምካቱን ራሱ ይዞ ስለሚነሣ የመጀመሪያው ይቀራል፣ የቶምካቱንና የስፕሪንጉን ቨርዥን አጣጥሞ ስለሚሰጥ ሁለተኛው ይቀራል፤ ይህን አልክድም። ሦስተኛው ግን እንዳለ ይቀጥላል። ዋናው የቡት ክላስ «መጋዘን ዶት ማስጀመሪያ» በሚባል ፓኬጅ፣ ኮንትሮለሩ ደግሞ «መጋዘን ዶት ዌብ» በሚባል ፓኬጅ ውስጥ ቢሆን፣ ቡት የሚቃኘው ዋናው ክላስ ካለበት ፓኬጅ ወደታች ብቻ ስለሆነ ጎን ለጎን ያለውን አያየውም። አገልግሎቱ ይነሣል፣ ፖርቱ ይከፈታል፣ ኮንትሮለሩ የለም፣ መልሱ 404 ነው። «ኮምፖነንት ስካን» የሚባለውን ነገር በእጁ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ይህን በአንድ ደቂቃ ያገኘዋል።

የቨርዥን ግጭት

በአብዛኛው የምቀበለው ይህን ነው። ስፕሪንግ ቡት የብዙ ላይብረሪዎችን ቨርዥን ተፈትነው የተስማሙትን መርጦ ይሰጣል። ዳታቤዝ፣ ካሽ፣ የመልእክት ወረፋ፣ ሴኪዩሪቲ ሁሉ ባለበት ፕሮጀክት ያንን በእጅ መሥራት አሰልቺ ነው፤ ጥቅሙም አይታየኝም።

ሆኖም የተጠቀሰው ምሳሌ፣ ማለትም የጃክሰን ኮር አንድ ቨርዥን፣ ዳታባይንድ ሌላ ቨርዥን ሆኖ «ኖ ሰች ሜተድ» ብሎ መውደቁ፣ ያለ ቡትም መድኃኒት አለው። ስፕሪንግም ጃክሰንም የየራሳቸው ቦም (የሚስማሙ ቨርዥኖች ዝርዝር) አላቸው። ሁለቱን በሜቨን «ዲፔንደንሲ ማኔጅመንት» ውስጥ ዓይነታቸው «ፖም»፣ ስኮፓቸው «ኢምፖርት» አድርጎ ማስገባትና ከታች ያሉት ዲፔንደንሲዎች ላይ የቨርዥን ቁጥር አለመጻፍ ነው። ቁጥሩ በአንድ ቦታ ይኖራል፤ ጃሮቹ አይለያዩም።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ለእሳቸው ክርክር ግን የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ከስፕሪንግ 6.1 ጀምሮ «ፓዝ ቫሪያብል» ወይም «ሪኩዌስት ፓራም» ላይ ስም ካልተጻፈ ስፕሪንግ የፓራሜተሩን ስም የሚያገኘው ኮዱ «-ፓራሜተርስ» በሚል ምርጫ ኮምፓይል ከተደረገ ብቻ ነው። የቡት ፓረንት ፖም ይህን በራሱ ያበራዋል፤ በእጅ የሚያዋቅር ሰው ካላበራው አገልግሎቱ ይነሣና መጀመሪያ ሲጠራ ይወድቃል። የኮምፓይለር ፕለጊኑ ላይ አንድ መስመር ነው፤ ግን መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጄሰን፣ ቀንና ስህተት

ጽሑፉ በጣም የሳተው እዚህ ላይ ነው። ጄሰን የሚወጣው በቡት ነው ይላሉ። አንዲት የጌት ጥያቄ የምትሄድበትን መንገድ እንከተል። ጥያቄው ዲስፓቸሩ ይደርሳል፤ ዲስፓቸሩ ማፒንጎቹን ጠይቆ የትኛው ሜተድ እንደሚያስተናግደው ያውቃል፤ አዳፕተሩ ሜተዱን ይጠራዋል፤ ሜተዱ «ዕቃ» የሚባል ኦብጀክት ይመልሳል። እዚህ ላይ አዳፕተሩ የኮንቨርተሮች ዝርዝር ይይዝና ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ «ይህን ክላስ፣ ጠያቂው በሚፈልገው ዓይነት መጻፍ ትችላለህ?» ይላቸዋል። እችላለሁ ያለው የመጀመሪያው ይጽፈዋል።

ጥያቄው ዝርዝሩ ውስጥ ማን አለ ነው። «ኢነብል ዌብ ኤምቪሲ» ካልተጻፈ አዳፕተሩ የሚነሣው በጣት በሚቆጠሩ ኮንቨርተሮች ነው፤ ለባይት፣ ለስትሪንግና ለፎርም። ጃክሰን በክላስፓዙ (አፕሊኬሽኑ በሚያያቸው ላይብረሪዎች ዝርዝር) ላይ ቢኖርም ጄሰን የሚጽፍ የለም። አኖቴሽኑ ሲጻፍ ስፕሪንግ ክላስፓዙን ያያል፤ የጃክሰን ክላሶች ካሉ የጄሰን ኮንቨርተር ይጨምራል። ጄሰንን የሚያስገኙት እንግዲህ አንድ ጃርና አንድ አኖቴሽን ናቸው። ቡትም የሚጠቀመው ይህንኑ የስፕሪንግ ኤምቪሲ ኮንቨርተር ነው።

ይህን ዝርዝር የሚያውቅ ሰው የሚከተሉትን ሁሉ ሳይገምት ይፈታል። «ኖ ኮንቨርተር ፋውንድ ፎር ሪተርን ቫልዩ» የሚል 500 ሲመጣ ወይ ጃክሰን ዋሩ ውስጥ የለም፣ ወይ አኖቴሽኑ ተረስቷል፣ ወይ የሚመለሰው ክላስ ጌተር የለውም፤ ሦስተኛው ቡት ላይም በተመሳሳይ ይደርሳል። ከርልን (ከትእዛዝ መስመር ጥያቄ መላኪያውን) ተጠቅሞ ጄሰን ሲልኩ 415 (የማይደገፍ የይዘት ዓይነት) ከመጣ፣ ከርል የይዘቱ ዓይነት ካልተነገረው ፎርም ነው ብሎ ስለሚልክ ነው፤ «ኮንተንት ታይፕ» ሄደሩን «አፕሊኬሽን ጄሰን» ብሎ መላክ ይበቃል። ቡት ላይም ያው 415 ነው። አንድ ላይብረሪ የጃክሰንን የኤክስኤምኤል ሞጁል ሳይታወቅ ጎትቶ ካመጣ ደግሞ፣ ጄሰን ይመልስ የነበረው አድራሻ ብራውዘር ላይ ኤክስኤምኤል ይመልሳል፤ ብራውዘሮች በ«አክሰፕት» ሄደራቸው ኤክስኤምኤልን በስም ስለሚጠሩና ጄሰንን ስለማይጠሩ። ይህም ቡት ላይ ያው ነው።

ቀንን በተመለከተ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የጃክሰን የጃቫ ጊዜ ሞጁል ክላስፓዙ ላይ ካለ ስፕሪንግ ራሱ ይመዘግበዋል፤ ግን «ሎካል ዴት» የሚጻፈው ዓመት፣ ወርና ቀን እንደ ሦስት ቁጥር ዝርዝር ሆኖ ነው፦ [2024,5,17]። ቡት ይህን በዲፎልቱ ያጠፋውና «2024-05-17» ያደርገዋል። በእጅ ሲዋቀር የውቅር ክላሱ «ዌብ ኤምቪሲ ኮንፊገረር» የሚባለውን ኢንተርፌስ ይተገብርና «ራይት ዴትስ አዝ ታይምስታምፕስ» የሚባለውን ባሕርይ ያጠፋል። ወጥመዱ ያለው የሜተዱ ምርጫ ላይ ነው፤ «ኮንፊገር መሴጅ ኮንቨርተርስ» በሚለው ውስጥ አንድ ኮንቨርተር የጨመረ ሰው ዲፎልቶቹን በሙሉ ያጣል፤ «ኤክስቴንድ መሴጅ ኮንቨርተርስ» ግን ያሉትን ትቶ ለማስተካከል ብቻ ይፈቅዳል። አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የሚበልጥ፣ ጽሑፉ ግን የዘለለው ሌላ ልዩነት አለ። ኮንትሮለሩ ኦብጀክት ሳይሆን እንዲሁ ስትሪንግ ሲመልስ የሚጽፈው የስትሪንግ ኮንቨርተሩ ነው፤ የእሱ ዲፎልት የፊደል ስብስብ ደግሞ አይኤስኦ 8859-1 ነው። ግእዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የለም። «ሰላም» ብሎ የመለሰ ሜተድ ጠያቂው ዘንድ ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይደርሳል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ። ቡት ይህን ኮንቨርተር በዩቲኤፍ 8 ይተካዋል፤ ነጥቡ የቡት ነው። በእጅ ሲሆን ኮንቨርተሩን በዩቲኤፍ 8 ማዋቀር፣ ወይም «ጌት ማፒንግ» ላይ የሚመረተውን ዓይነት ከነፊደል ስብስቡ መጻፍ ያስፈልጋል። በኦብጀክት የሚወጣ ጄሰን ላይ ችግሩ የለም፤ ጃክሰን የሚጽፈው በዩቲኤፍ 8 ነውና። ስለዚህ ብዙ ሰው «ጄሰኑ ላይ አማርኛው ደህና ነው፣ እዚህች አንዲት አድራሻ ላይ ብቻ ለምን ተበላሸ?» ሲል ይገኛል።

የስህተት ምላሽ ላይ ግማሽ በግማሽ ነን። በእጅ በተዋቀረ ስፕሪንግ ያልተያዘ ስህተት ሲወረወር ጠያቂው የሚያገኘው የቶምካትን ኤችቲኤምኤል ገጽ ነው፤ ከነስታክ ትሬሱ፣ ከነቶምካቱ ቨርዥን። ጄሰን ለሚጠብቅ ፕሮግራም አይረባም፤ ለማያውቁት ሰው የውስጥን ማሳየትም ነው። ቶምካቱ ላይ «ኤረር ሪፖርት ቫልቭ»ን አስገብቶ «ሾው ሪፖርት» እና «ሾው ሰርቨር ኢንፎ»ን ሐሰት ማድረግ የግድ ነው። ግን «ቡት መስፈርቱን የጠበቀ ምላሽ ይሰጣል» የሚለው አይደለም። ለኤችቲቲፒ የስህተት ምላሽ የተጻፈ መስፈርት አለ፤ መጀመሪያ በ2016 አርኤፍሲ 7807፣ በ2023 ደግሞ እሱን የተካው አርኤፍሲ 9457። የቡት ዲፎልት ምላሽ ይህን ቅርጽ አይከተልም፤ የራሱን ይሰጣል፤ መስፈርቱን የሚያበራው ምርጫ ሳይነኩት የጠፋ ነው። ስፕሪንግ 6 ግን «ፕሮብለም ዲቴይል» የሚባል ክላስ አብሮት አለ። «ሪስፖንስ ኢንቲቲ ኤክሰፕሽን ሃንድለር»ን የወረሰች፣ «ረስት ኮንትሮለር አድቫይስ» ከላይዋ ያለባት አንዲት ባዶ ክላስ ብትጻፍ የስፕሪንግ የራሱ 404፣ 405፣ 415ና መሰሎቹ ሁሉ በመስፈርቱ ቅርጽ ይወጣሉ። የራሳችን ስህተቶች እዚያው በየሜተዳቸው ይጨመራሉ።

አንድ ነገር ግን ከሁለቱም አንዱ አይሠራልንም። አዲስ ዕቃ በፖስት ሲመዘገብ ቡትም ሆነ በእጅ የተዋቀረው ስፕሪንግ በዲፎልታቸው 200 ይመልሳሉ። 201 ብሎ፣ አዲሱ ዕቃ የሚገኝበትን አድራሻ በ«ሎኬሽን» ሄደር ማስቀመጥ፤ ተሰርዞ የሚመለስ ይዘት ከሌለ 204 ማለት፤ እነዚህ የፕሮግራመሩ ሥራ ናቸው። አገልግሎቱን ረስት የሚያሰኙት እነዚህ ሆነው ሳለ የማዋቀር ክርክሩ ውስጥ ተውጠው መቅረታቸው ያሳዝናል።

አሴምብሊ?

ለብቻው ስለሚነሣው ቶምካት ብዙ አልልም። ቡት ራሱ ዋር ሆኖ መጫንን ይደግፋል፤ ሞቷል የሚባል ነገር አይደግፍም ነበር። በእጅ የሚያዋቅር ሰውም ቶምካትን በአፕሊኬሽኑ ውስጥ ማስነሣት ይችላል፦ ኢምቤድድ ቶምካትን በዲፔንደንሲ ጨምሮ፣ የውቅር ክላሱን ለኮንቴክስቱ አስመዝግቦ፣ ዲስፓቸር ሰርቭሌቱን በእጁ ፈጥሮ «/» ላይ መስቀል ነው። አስጀማሪው ክላስ እንኳ አያስፈልግም። ከቶምካት 9 ጀምሮ ግን «ጌት ኮኔክተር» የሚለው ሜተድ ካልተጠራ ቶምካቱ ምንም ስህተት ሳይል ይነሣል፤ ፖርት ግን አይከፍትም።

የአሴምብሊው ምሳሌ ግን ለመቀበል ይከብዳል። የፓይተን ፕሮግራም ሲወድቅ የሚታየው የፓይተን መስመር ነው፤ ፕሮግራመሩ ወደ አሴምብሊ አይወርድም። የቡት አገልግሎት ሲወድቅ የሚታየው ስታክ ትሬስ ውስጥ ያለው ዲስፓቸር ሰርቭሌት ነው፣ ማፒንግ ነው፣ አዳፕተር ነው፣ ኮንቨርተር ነው። ቡት እነዚህን አልደበቃቸውም፤ እኛ ሳንጠራቸው መጥተው ተቀመጡ እንጂ። ቡትን በ«--ዲበግ» ብናስነሣው የትኛው ውቅር እንደበራና የትኛው ለምን እንደጠፋ ረጅም ዝርዝር ይሰጠናል፤ ዝርዝሩ ግን የተጻፈው በእነዚሁ ስሞች ነው።

በተግባር እንየው። የቡት ፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ሰው ከሌላ አገልግሎት የሚመጣ ጥሪ ብራውዘሩ ስለከለከለው ኮርስ (ከሌላ አድራሻ የሚመጣ ጥሪ የሚፈቀድበትን ደንብ) ማስተካከል ይፈልጋል። ፈልጎ ያገኘው ምሳሌ የውቅር ክላስ ነው፤ ከላዩ «ኢነብል ዌብ ኤምቪሲ» አለበት። ገልብጦ ያስገባዋል። ኮርሱ ይሠራል፤ ፈተናው ያልፋል። በማግሥቱ የሞባይል አፕሊኬሽኑን የሚሠሩት ሰዎች ቀኑ ሁሉ ወደ [2024,5,17] እንደተቀየረና በስትሪንግ የሚመለሰው አማርኛ የጥያቄ ምልክት እንደሆነ ይናገራሉ። የፕሮፐርቲስ ፋይሉ ላይ ያለው የጃክሰን ምርጫ አልተነካም፤ ኮዱ ላይም ስለ ቀን የተቀየረ ነገር የለም።

የሆነው ይህ ነው። የቡት የኤምቪሲ ራስ-ውቅር የሚበራው ሌላ ሰው ኤምቪሲን በሙሉ አላዋቀረም በሚል ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ነው። ያቺ አኖቴሽን «እኔ አዋቅሬዋለሁ» ማለት ናት፤ ቡትም ቃሏን ተቀብሎ ይወጣል። የሚቀረው ከላይ ባዶ አካል ያለው ብለን የጻፍነው ውቅር ነው፤ ከነቀኑ ዝርዝር፣ ከነአይኤስኦ 8859-1። ማስተካከያው አኖቴሽኗን ብቻ መሰረዝና ክላሱ «ዌብ ኤምቪሲ ኮንፊገረር»ን እየተገበረ እንዲቀጥል መተው ነው፤ ኮርሱ እንደሠራ ይቆያል፣ ቀኑም ወደ «2024-05-17» ይመለሳል።